ስለ ዘላቂ ጓደኝነት የተጻፈ የተማሪዎች ተውኔት፦ ሠላሳ ዓመትን በአርባ ደቂቃ እንዴት መድረክ ላይ እናውጣው?

ጥያቄ (የአማርኛ መምህርት፣ ምሥራቅ ጎጃም)

ጤና ይስጥልኝ። በምሥራቅ ጎጃም በአንዲት የወረዳ ከተማ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ የማስተምርና የኪነ ጥበብ ክበቡን የማስተባብር መምህርት ነኝ። ከክበቡ አባላት መካከል ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጃገረዶች ከጥቅምት ጀምረው ስለ ዘላቂ ጓደኝነት አንድ ተውኔት ጽፈው በጥር አስረክበውኛል። ተውኔቱን በሰኔ፣ በወላጆች ቀን ለማሳየት ተስማምተን ልምምድ ከጀመርን በኋላ ግን ያልጠበቅኋቸው ችግሮች ስለገጠሙኝ፣ በመድረክ ሥራ የቆያችሁ ሰዎች እንድታማክሩኝ ነገሩን በዝርዝር ላቅርብ።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1984 ዓ.ም. ነው። አንዷ ከጮቄ ተራራ ግርጌ የመጣች የደጋ ልጅ፣ ሌላዋ ከዓባይ በረሃ አፋፍ የመጣች የቆላ ልጅ ሆነው፣ በከተማዋ አንዲት ጠባብ ክፍል በጋራ ተከራይተው ይማራሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በእግራቸው ወደየቤታቸው ሄደው እሑድ ማታ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ፤ የአንዷ ስንቅ ሲያልቅ ከሌላዋ ይበላል። ትምህርት ከጨረሱ በኋላ ሁለቱም እዚያው ከተማ ትዳር ይዘው ይኖራሉ። ከዓመታት በኋላ የቆላዋ ልጅ ከብድርና ቁጠባ ተቋም ገንዘብ ስትበደር የደጋዋ ዋስ ትሆናታለች፤ ንግዱ ይከስራል፤ ዕዳውን ለመክፈል የዋሷ የእርሻ በሬ ይሸጣል። ከዚያ ወዲያ ሃያ ዓመት አይነጋገሩም። በመጨረሻው ትዕይንት በ2014 ዓ.ም. ተበዳሪዋ እንደ አገራችን ልማድ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቃለች፤ ሽማግሌዎች ያስታርቋቸዋል፤ መጋረጃው ይዘጋል።

ታሪኩን እወደዋለሁ፤ ልጆቹ ከራሳቸው ሕይወት ነው የቀዱት፤ ዛሬም ቢሆን ከተማሪዎቼ ብዙዎቹ ስንቅ እያመላለሱ ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። መድረክ ላይ ሲወጣ ግን ይሞትብኛል። የ17 ዓመት ልጅ የ47 ዓመት ሴት ሆና ስትጫወት፣ ፀጉሯ ላይ ዱቄት ነስንሳ፣ ወገቧን አጉብጣና ምርኩዝ ይዛ ብቅ ስትል፣ የክበቡ አባላት ራሳቸው በሳቅ ይፈርሳሉ። ሁለተኛው ችግር ስብከቱ ነው። በየትዕይንቱ መጨረሻ አንዷ ወደ ተመልካቹ ዞራ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ወይም «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ» ትላለች፤ እንቀንሰው ስላቸው «መልእክቱ ይጠፋል» ብለው ይከራከሩኛል። ሦስተኛው፣ ያለን ድምፅ ማጉያ ከሚኒ ሚዲያ የምንዋሰው አንድ ባለ ገመድ ማይክ ብቻ በመሆኑ ተዋናዮቹ እየተቀባበሉት ነው የሚናገሩት።

አራተኛውን ለመጻፍ እንኳ ከብዶኛል። ሁለቱ ደራሲዎች ሁለቱም የቆላዋን ልጅ መጫወት ፈለጉ። እኔም ድምፅዋ ይበልጥ ጎላ ላለችው ሰጠሁ፤ ሌላዋ ከልምምድ ቀረች። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በአንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ልጆች ዛሬ አንዷ በመስኮቱ በኩል፣ አንዷ በበሩ በኩል ሆነዋል። ስለ ጓደኝነት የሚናገር ተውኔት ጓደኛሞችን አጣላብኝ ማለት ነው፤ ይህንን ለማን እንደምነግር አላውቅም ነበር። ምክራችሁን በጉጉት እጠብቃለሁ።

መልስ 1 (የመድረክ ሰው፣ ባሕር ዳር)

መምህርት፣ ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በባሕር ዳር በአማተር የቴአትር ቡድኖች ውስጥ ለብዙ ዓመታት ሠርቻለሁ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም እየተዘዋወርሁ ልጆችን ረድቻለሁ። የልጆቹ ታሪክ አጥንት አለው፤ የሚጎድለው ነገር የሚታይ ነገር ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕድሜው ልናገር። አንድ ነገር አስልታችሁ ነበር? በ1984 ዓ.ም. 17 ዓመት የሆናት ልጅ በ2014 ዓ.ም. 47 ዓመቷ ነው። በእኛ አገር የ47 ዓመት ሴት ምርኩዝ አትይዝም፤ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትፈልጣለች፣ ገበያ ወርዳ ተከራክራ ትገዛለች። ልጆቹ «አረጀች» ሲባል አያታቸውን ነው ያሰቡት፤ ማሰብ የነበረባቸው ግን እናታቸውን ነው። ስለዚህ ዱቄቱንና ምርኩዙን ዛሬውኑ ጣሉላቸውና የቤት ሥራ ስጧቸው፤ ቅዳሜ ወደየቤታቸው ሲሄዱ እናታቸው እንዴት እንደምትቀመጥ፣ እንዴት እንደምትነሣ፣ ነጠላዋን በየስንት ደቂቃው እንደምታስተካክል፣ ስትናደድ ድምፅዋ ከፍ ይል ወይስ ዝቅ ይል እንደሆነ ተመልክተው ይምጡ። በወጣትነቷ በሩጫ ገብታ ስንቋን ወለል ላይ የምትጥለው ልጅ፣ በመጨረሻው ትዕይንት ቆማ፣ ቤቱን በዓይኗ ቃኝታ፣ የሚቀመጥበትን ቦታ መርጣ ዕቃዋን ቀስ ብላ ብታስቀምጥ፣ ተመልካቹ ሠላሳውን ዓመት ራሱ ይቆጥርላችኋል።

ወደ ስብከቱ ልምጣ። ጽሑፉን ለልጆቹ መልሱላቸውና «ጓደኝነት» እና «ጓደኛ» የሚሉት ቃላት የተጻፉበትን ቃለ ተውኔት ሁሉ በእርሳስ እንዲሰርዙ አድርጉ። ለጊዜው ነው በሏቸው፤ አለበለዚያ ያለቅሳሉ። ከዚያ የቀረውን አንብቡት። ጓደኝነቱ አሁንም ከታየ ቃሉ መጀመሪያም አላስፈለገም ነበር፤ ካልታየ ደግሞ ቃሉ ጉድጓዱን ሸፍኖት ነበር ማለት ነው። እኔ ይህን ባደረግሁባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉ ሦስት አራት ቦታ ላይ ልጆቹ ራሳቸው ምን መጻፍ እንዳለባቸው አይተዋል።

አሁን ወደ ዋናው። ይህን ታሪክ አንድ ዕቃ ሊሸከመው ይችላል፤ ዕቃውም አገልግል ነው። ስንቅ አይደል የታሪኩ መነሻ? እንግዲያው የደጋዋ ልጅ እናቷ የሰጠቻት ቆዳ የተለበጠ አገልግል ይኑራት። በመጀመሪያው ትዕይንት ሞልቶ ይገባል፤ በሁለተኛው ባዶውን ይታያል፤ በሦስተኛው ጠፍሩ ተበጥሶ የቆላዋ ልጅ ስትሰፋው እናያታለን። በዋስትናው ጊዜ የቆላዋ ልጅ ለሩቅ ገበያ ስትነሣ ጓደኛዋ ስንቅ ቋጥራ በዚያው አገልግል ትሰጣታለች። ንግዱ ይከስራል፤ በሬው ይሸጣል፤ አገልግሉ ግን ከተበዳሪዋ ቤት ይቀራል። በእኛ ዘንድ የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ይህን ለጎጃም ተመልካች ማስረዳት አያስፈልግም። ሴትዮዋ ሃያ ዓመት ሙሉ ዕቃውን ያልመለሰችው የሚከተትበት ስላጣች ነው። ለምን እንደማይነጋገሩ አንድም ቃል ሳይነገር፣ አገልግሉ ከቆጥ ላይ ተሰቅሎ በታየ ቁጥር ሰው ይገባዋል። በመጨረሻው ትዕይንት ሁለቱ ሴቶች የሚከተለውን ያህል ብቻ ቢነጋገሩ ይበቃል፦

— አገልግልሽን እስካሁን አልመለስሁልሽም።
— ምን ይዞ ይመጣል ብዬ ነው የምጠብቀው?
— በሬሽን የሚያህል ነገር አጥቼለት ነው።
— አገልግሉ በሬ አይችልም።

ይህ ለምሳሌ ነው፤ ልጆቹ የራሳቸውን ይጻፉ። ካነሣሁት አይቀር፣ እኔ ብሆን ድንጋዩን ከነሽማግሌዎቹ እተወው ነበር። አገልግሉ ካለ ድንጋይ ይበዛል።

የጊዜውን ሽግግር ለማሳየት ልጆቹ ባነሷት በዚያችው እሑድ ማታ ተጠቀሙ። ሦስት ወይም አራት እሑዶች ብቻ መድረክ ላይ ይውጡ፤ ክፍሉ፣ መደቡ፣ በሩ አይቀየርም፤ የሚቀየረው ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚጠብቅ፣ ምን እንደሚበላ ነው። በመካከል ከመጋረጃ ጀርባ አንድ ጊዜ የእንቁጣጣሽ የልጃገረዶች ዜማ፣ ሌላ ጊዜ የቡሄ ጅራፍ ድምፅ ቢሰማ ዓመት አለፈ ማለት ነው። «ከአሥር ዓመት በኋላ» ተብሎ በማይክ መነበቡን ግን ባትሞክሩት ይሻላል፤ ተመልካቹ ወደ ትምህርት ቤቱ የጧት ሰልፍ ይመለስባችኋል።

ማይኩንም ጨርሳችሁ አስወግዱት። ባለ ገመድ ማይክ የያዘ እጅ አገልግል መያዝ አይችልም፤ ሁለት ሰዎች አንድ ማይክ ሲቀባበሉ ደግሞ ማንም የሚያየው ማይኩን ነው። አንድ ሺህ ሰው አንድ ጊዜ ከማሳየት፣ መቶ ሃምሳ ሰው በግማሽ ክብ ዙሪያውን አስቀምጦ ደጋግሞ ማሳየት ይሻላል። በልምምድ ጊዜ ከሁሉ ርቆ የተቀመጠ ልጅ ቃል ባመለጠው ቁጥር እጁን ያንሣ፤ ተዋናዩ ሳይጮህ ቃሉን አጥርቶ መናገር በሁለት ሳምንት ይለምዳል። ሰኔንም ደግማችሁ አስቡበት። አዳራሻችሁ ቆርቆሮ ክዳን ከሆነና ኮርኒስ ከሌለው፣ የሰኔ ዝናብ በጀመረ ጊዜ በባሕር ዳሩ የሙሉዓለም አዳራሽ የሠራ ተዋናይ እንኳ አይሰማላችሁም። በግንቦት መጀመሪያ፣ ከሰዓት በኋላ፣ በሜዳ ላይ ብታደርጉት ተመልካቹ ጀርባውን ለምዕራብ ሰጥቶ ይቀመጥ፤ ፀሐይዋ የተዋናዮቹን ፊት ታበራለች፤ መብራት ጠፋ አልጠፋ ብላችሁም አትጨነቁም።

መልስ 2 (ጡረተኛ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

የተከበርሽ ልጄ፣ እኔ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ለብዙ ዓመታት እንደ አንቺ የድራማ ክበብ አስተባባሪ ነበርሁ። የባሕር ዳሩ ወንድማችን ስለ ዕድሜውና ስለ አገልግሉ በተናገረው ላይ የምጨምረው የለኝም፤ የአገልግሉ ነገር በእርግጥ ልቤን ነክቶታል። በሁለት ነገር ግን አልስማማም።

አንደኛው ድንጋዩ ነው። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ ለልጆቹ ጌጥ አይደለም፤ በአገራቸው አይተውታል፤ ሰው በአፉ ሊለው ያልቻለውን በጫንቃው የሚልበት ሥርዓት ነው። ያለ እርሱ የሃያ ዓመት ዝምታ በአራት መስመር ንግግር ከተፈታ፣ ከኋላ የተቀመጠችው እናት «ይህን ያህል ቀላል ከነበረ ሃያ ዓመት ምን ሲሠሩ ነበር?» ማለቷ አይቀርም። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ድንጋዩን በመተው ላይ ሳይሆን በድንጋዩ እውነተኛነት ላይ ነው። በእኔ ጊዜ አንድ ተውኔት ስናሳይ ልጁ እንዳይደክም ብለን ከካርቶን ሠርተን በጭቃ የቀባነው «ድንጋይ» ነበረን። ልጁ ጎንበስ ብሎ በሽማግሌዎቹ ፊት ሲደርስ ከጫንቃው አመለጠውና እንደ ኳስ ነጥሮ ከተጋባዥ እንግዶች እግር ሥር ገባ። አንድ እንግዳ አንሥቶ በሁለት ጣቱ ይዞ መለሰለት። ከዚያ በኋላ የተነገረውን ቃል ማንም አልሰማውም፤ እኔም ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እየሳቅሁ ነበር፤ አልዋሽሽም። እውነተኛ ድንጋይ፣ ልጅቷ ሳትጎዳ የምትችለው፣ ግን በእርግጥ የሚከብዳት ይሁን፤ ስታስቀምጠው የሚሰማው ድምፅ ብቻውን አንድ ቃለ ተውኔት ነው።

ሁለተኛው የተረትና ምሳሌው ጉዳይ ነው። «ስረዙት» ማለት ቀላል ነው፤ ነገር ግን የእኛ ሰው በእርግጥ በምሳሌ ይነጋገራል፤ ከምሳሌ የጸዳ የጎጃም ሽማግሌ ቢያሳዩኝ ሽማግሌነቱን እጠራጠራለሁ። ስሕተቱ ምሳሌው ወደ ተመልካቹ መነገሩ ነው። ምሳሌ ለማሸነፍ፣ ለመሸሽ፣ ለመውጋት ወይም ለመሸምገል የሚመዘዝ መሣሪያ ስለሆነ ሁልጊዜ ለአንድ ሰው ይነገራል። የዋሷ ባል፣ በሬው ተነድቶ ሲወጣ እያየ፣ ሚስቱን «ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው አላልሽኝም ነበር?» ቢላት፣ ያው ልጆቹ የወደዱት ምሳሌ ሆኖ ሳለ ቢላዋ ይሆናል። ልጆቹም ምሳሌያቸውን አላጡም፤ አንቺም ስብከቱን አስወገድሽ።

ስለ ጠቡ ትዕይንት አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ሁለቱ ሴቶች ከመለያየታቸው በፊት የሚካሰሱበትን ንግግር በጥንቱ የሙግት ወግ፣ በበላ ልበልሃ ዓይነት አስይዙት፤ አንዷ ስትጠይቅ ሌላዋ ቤት እየመታች ትመልስ። ልጆቻችን ይህን ለመጻፍ ሩቅ አይሄዱም፤ በዙሪያቸው የቅኔ አገር ነው ያለው። ደብረ ኤልያስ ተወልዶ በቅኔ ትምህርት ያደገው ዮፍታሔ ንጉሤም ከጣሊያን ወረራ በፊት አዲስ አበባ ላይ ተውኔት ሲጽፍና ተማሪዎችን እያሠለጠነ ሲያሳይ፣ ከአገሩ ይዞ የሄደው ስንቅ ይኸው ግጥምና ዜማ ነበር። ርእሰ መምህራችሁ «ድራማ ከትምህርት ያዘናጋል» የሚል ሰው ከሆነ ይህን ንገሪው፤ የአገራችን ተውኔት በሕፃንነቱ የቆመው በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ነው። ነገር ግን ቤት መምታቱ ለዚያ ለአንዱ ትዕይንት ብቻ ይሁን፤ ተውኔቱን በሙሉ በግጥም ካደረጋችሁት ጆሮ ይሰለቻል።

መልስ 3 (የታሪክ መምህር፣ ፍኖተ ሰላም)

ምክር የምሰጠው በጥቃቅን ነገሮች ላይ ነው፤ ተመልካች አንዲት ስሕተት ካገኘ ቀሪውን ሁሉ መጠርጠር ይጀምራልና። መነሻው 1984 ዓ.ም. ከሆነ የመጀመሪያው ትዕይንት ውስጥ ሞባይል ስልክ ሊኖር አይችልም፤ ሞባይል ወደ አገራችን የገባው በ1991 ዓ.ም. ሲሆን የገጠር ወረዳዎችን ያዳረሰው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው። በዚያ ዘመን መልእክት የሚላከው በገበያተኛ ነበር፤ ለታሪካችሁም ይህ ይበጃል፤ ዘግይቶ የደረሰ ወይም ተዛብቶ የተነገረ መልእክት ጠብ ማባባስ ይችላል። የብር ኖቶችም በ2013 ዓ.ም. ስለተለወጡ፣ በብድሩ ትዕይንት የሚቆጠረው ገንዘብ የአሁኑ ኖት መሆን የለበትም፤ አሮጌ ኖት ካላገኛችሁ ገንዘቡ በመሐረብ ተቋጥሮ ይሰጥ፣ አይታይም። የማታ ጥናታቸው በኩራዝ መሆኑ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ላምባ የተሞላ ኩራዝ ከመጋረጃ አጠገብ እንዳታበሩ አደራ። ቆርቆሮውን ባዶ አድርጋችሁ ትንሽ የባትሪ መብራት ክተቱበት። ልጆቹ የሚፈሩት ፈተና በዚያ ጊዜ ቋንቋ «ማትሪክ» ይባል እንደነበርም አትርሱ።

መልስ 4 (የቀድሞ የክበብ አባል፣ ሞጣ)

መምህርት፣ ሁሉም ስለ መድረኩ ጻፉ፤ እኔ ስለ ሁለቱ ልጆች ልጻፍ፤ ምክንያቱም የዛሬ ዘጠኝ ዓመት እኔም ከእነርሱ አንዷ ነበርሁ። በተማርሁበት ትምህርት ቤት እኔና የልብ ጓደኛዬ በአንድ የድራማ ሚና ምክንያት ተኮራረፍን። አስተባባሪያችን ነገሩን በሰማ ጊዜ በክበቡ አባላት ሁሉ ፊት አቁሞ «ተቃቀፉ» አለን፤ ሰው እያጨበጨበ ተቃቀፍን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለን ሰላምታ ብቻ ሆነ፤ ዛሬም እርሷ በምትኖርበት ከተማ ሳልፍ አልደውልላትም። በሐሳብዎ ሽምግልና ካለ በሰው ፊት እንዳይሆን እለምንዎታለሁ።

በእኔ አስተያየት ልጅቷን ያስቀየማት ሚናውን ማጣቷ ብቻ አይመስለኝም። ተውኔቱን ሁለቱ እኩል ጻፉት፤ ሲመረጥ ግን በድምፅ ጉልህነት ተመረጠ፤ እርሷ የጻፈችው ከእጇ ወጣ። የመድረኩ ሰው እንዳሉት ማይኩ ከቀረና ተመልካቹ መቶ ሃምሳ ሰው ብቻ ከሆነ፣ የድምፅ ጉልህነት ቀድሞ የነበረውን ያህል ምክንያት አይሆንም። ተውኔቱም ደጋግሞ የሚታይ ከሆነ፣ ለጧት ፈረቃ ተማሪዎች አንዷ የቆላዋን፣ ሌላዋ የደጋዋን ይጫወቱ፤ ለከሰዓት ፈረቃ ይቀያየሩ። ሁለቱም ቃሉን ሁሉ በቃላቸው ያውቁታል፤ ራሳቸው ናቸው የጻፉት። ዋስ የሆነችውም፣ ያከሰረችውም በየተራ እነርሱ ይሆናሉ። ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዎታል።

መልስ 5 (የመድረክ ሰው፣ ባሕር ዳር)

እኅቴ ያለችው ልብ ይነካል፤ እንደ አዘጋጅ ግን አንድ ነገር ልበል። መቀያየር ማለት ሁለት ተውኔት ማዘጋጀት ማለት ነው፤ መቆሚያው፣ እጅ ከእጅ የሚቀባበሉት ዕቃ፣ የትንፋሽ ቦታው ሁሉ ይለወጣል። እስከ ግንቦት ለዚያ የሚበቃ ጊዜ ካላችሁ ይሁን፤ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የምትለማመዱ ከሆነ ግን አንዷ መድረክ ላይ፣ ሌላዋ ከፊት ለፊት ጽሑፉን ይዛ ብትቀመጥ እመርጣለሁ። ደራሲ ሥራዋን ከተመልካች ወንበር ካላየች የት እንደሚንቀራፈፍ አታውቅም። ሁለቱም መድረክ ላይ ከወጡ ማን ያያል?

ሌላ ያስታወስሁት ነገር አለ። አርስቶትል ስለ ጓደኝነት ሲጽፍ በዘመኑ የነበረ አንድ አባባል ያነሣል፤ ሰዎች አብረው ብዙ ጨው ሳይበሉ አይተዋወቁም የሚል ነው። ለጥቅምና ለጨዋታ የሚደረግ ጓደኝነት ምክንያቱ ሲያልቅ ያልቃል፤ የሚጸናው አንዱ ሌላውን ስለ ራሱ ሲል የወደደው ነው ይላል። የልጆቹ ተውኔት በአሁኑ መልኩ ጥቅሙን ብቻ ያሳያል፤ ስንቅ ተሰጠ፣ ዋስ ተገኘ፣ በሬ ተሸጠ። ሁለቱ ልጆች ያለ ምንም ጉዳይ አብረው ቁጭ ብለው የሚስቁበት፣ ለታሪኩ አንዳች የማይጨምር የሚመስል አንድ ረዘም ያለ ጊዜ ይኑር። ኩራዙ ላምባ ጨርሶ ጠፍቶ በጨለማ የሚያወሩት ቢሆን፣ ለምሳሌ። በኋላ በሃያው ዓመት ዝምታ ውስጥ የሚጎድለን እርሱ ነው።

ጠያቂዋ (የአማርኛ መምህርት፣ ምሥራቅ ጎጃም)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከጻፋችሁልኝ በኋላ ሦስት ልምምድ አድርገናል፤ የደረስንበትን ላሳውቃችሁ።

ዱቄቱና ምርኩዙ ቀርተዋል። የእናቶቻችሁን አቀማመጥ አጥንታችሁ ኑ ያልኋቸው ልጆች ሰኞ ይዘውት የመጡት ነገር አስደንቆኛል፤ አንዷ እናቷ ስትቀመጥ መጀመሪያ እጇን ጉልበቷ ላይ እንደምታሳርፍና ከመናገሯ በፊት ትንሽ እንደምትቆይ አሳየችን፤ ማንም አልሳቀም። ማይኩን ለሚኒ ሚዲያ መልሰናል። ርእሰ መምህሩ ቀኑን ወደ ግንቦት ለማምጣት ፈቅደዋል፤ ሦስት ጊዜ ማሳየቱን ግን ገና አልተቀበሉትም፤ ሁለት ጊዜ ይበቃል ይላሉ። «ጓደኝነት» የሚለው ቃል በረቂቁ ውስጥ አርባ አንድ ጊዜ ነበር፤ አሁን ሁለት ጊዜ ቀርቷል፤ አንደኛውም የዋሷ ባል በቁጣ የሚናገረው ነው።

ድንጋዩን በተመለከተ ከጡረተኛው አባታችን ጋር ሆኛለሁ፤ ነገር ግን ሽማግሌዎቹን ከሦስት ወደ አንድ ቀንሼ፣ ድንጋዩ ከተቀመጠ በኋላ አገልግሉ እንዲወጣ አድርጌአለሁ። የመድረኩ ሰው ሁለቱ ይበዛሉ ቢሉም፣ በልምምድ ስናየው ድንጋዩ ለሽማግሌው፣ አገልግሉ ለጓደኛዋ የሚነገር ሆኖ ተሰምቶኛል።

ከልምምድ የቀረችውን ልጅ ለብቻዋ አነጋግሬአታለሁ። ስለ እርቅ አላነሣሁባትም። አገልግሉ የሚባል ነገር በተውኔቱ ውስጥ ሊገባ መሆኑንና ያንን የሚጽፍ ሰው እንደሚያስፈልገኝ ብቻ ነገርኋት። በማግሥቱ ሁለት ገጽ ጽፋ መጣች፤ ለጓደኛዋም እኔ አቀበልኋት። ሚናውን ይቀያየሩ ወይስ አንዷ ከፊት ትቀመጥ የሚለውን እስካሁን አልወሰንሁም።

ትናንት ከክፍል በኋላ ጽሑፉን ለማስተካከል ሁለቱንም ጠራኋቸው። አንዷ አገልግሉ በመጨረሻ ሲከፈት የቆላ ማሽላ እንጀራ ይገኝበት፣ ከገዛ ማሳዋ ያመጣችው መሆን አለበት አለች። ሌላዋ አይሆንም፣ ድሮ በችግሯ ጊዜ የበላችው የደጋ ገብስ ቆሎ ነው፣ ያንኑ ነው መመለስ ያለባት አለች። አንዷ ቆሎ ከቆላ አይመጣም ስትል፣ ሌላዋ ገዝታ ታመጣዋለች፣ መግዛቷ ነው ነገሩ ብላ መለሰችላት። ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ተከራከሩ። እስከ ሰኞ ተስማምተው አንዱን ጽፈው እንዲያመጡልኝ ነግሬአቸዋለሁ።